ፍየሏ እና ትሁን

እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ትሁን የምትባል ሴት በምድር ላይ መኖሯን አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከስሟ ሌላ የማስበው ጠፋኝ። ስቆም ትሁን፣ ስቀመጥ ትሁን፤ ልጆቼን ፊደል ሳስቆጥር እንኳ «ት» ላይ ስደርስ ድምፄ ይቆረጥ ነበር። ይብላኝ ለኔ!

ያለፈው ሳምንት ያመለጣችሁ ካላችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስይዛችሁ፤ ያነበባችሁት ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ። ማህደር እባላለሁ፤ ገንዳ ውሃ ላይ የመዋዕለ ሕጻናት አስተማሪ ነኝ። የኔዎቹ ትንንሾቹ ናቸው፤ ሦስት ዓመት የሞላቸው፣ አንዳንዶቹም እናታቸው «ሞልቶታል» ብላ የማለችላቸው። አባቴ አቶ ወንድዬ ከኮኪት ወዲያ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያላቸው፣ ሲገቡ ሰው ከወንበሩ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። የምወደው ልጅ ደግሞ አለልኝ ይባላል። ከጎጃም የወረደ ሳሉግ ነበር። ሳሉግ የምንለው በክረምት ለአረም፣ በመከር ለአጨዳ ከደጋ የሚጎርፈውን የቀን ሠራተኛ ነው። አለልኝ ማጭዱን ከጣለ ቆይቷል፤ አሁን የሱቅ ማስታወቂያና የጭነት መኪና ጽሑፍ እየሣለ ነው የሚኖረው። ግን በኛ አገር አንዴ ሳሉግ ተብሎ የገባ ሰው ቢፈልግ ሚኒስትር ይሁን፣ ያው ሳሉጉ አለልኝ ነው።

አባቴ ስለሱ የሚያውቁት ነገር የለም ብዬ ነበር የማምነው። እሳቸው የሚያውቁት ናሁሰናይን ነው፤ የጎንደር ልጅ፣ የራሱ ሦስት ትራክተር ያለው። ናሁሰናይ ሽማግሌ ላከ፤ አባባ «የልጄን ቃል ልስማና» ብለው ቀጠሮ ሰጡ፤ ቀጠሮው የሰኔ የመጨረሻው እሁድ ሆነ። እኔ የምነግራችሁ ሐሙስ የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። እሁድ ዕለት ወይ አለልኝን ብዬ ከአባቴ እጣላለሁ፣ ወይ ናሁሰናይን ብዬ ከራሴ እጣላለሁ። ሌላ መንገድ አልነበረም።

መጠርጠር የተማርሁት ከአባቴ ነው፤ አልክድም። አባባ ከገበሬ ሰሊጥ ሲረከቡ ከላይ የሚታየውን አያምኑም። ጫፉ የሾለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት አላቸው፤ እሱን በጆንያው ሆድ ሰክተው ከመሀል ያወጡና መዳፋቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። አሸዋ ካገኙበት ከነመኪናው ይመልሱታል። «ከላይማ ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር በልጅነቴ። እኔም ሰው በሳቀልኝ ቁጥር ያ ብረት ትዝ ይለኛል።

አለልኝን ግን ወጋ አድርጌ ሳላየው ነው የወደድሁት። ምክንያቱ ደግሞ ፍየል ናት።

ትምህርት ቤታችን ለትንንሾቹ የነበረው አንድ ካርቶን የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ ከሩቅ የመጣ። ውስጡ በረዶ፣ ካፖርት የለበሱ ልጆች፣ ከበረዶ የተሠራ ሰውዬ። ገንዳ ውሃ ላይ በረዶ! ላባችን ወገባችን ድረስ እየወረደ! አንዷ ልጄ የበረዶውን ሰውዬ ትክ ብላ አይታ «ዱቄት ነው» አለችኝ። በቃ፣ ያን ቀን ማታ ሳይሆን እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። ሰፈር ለሰፈር ስለምትዞር ባለቤት የለሽ ፍየል።

ሜ! ሜ! መጣች ፍየሊት፣
ቀንዷ ሁለት፣ እግሯ አራት፣
ይቺ ፍየል የማን ናት?

ሱቅ ገባች፣ ስኳር ላሰች፣
ከረሜላ ከነልባሱ ጎረሰች።
«የኔ አይደለች!» አለ ባለሱቁ።

ትራክተር ወጣች፣ መሪ ጨበጠች፣
የሾፌሩን ኮፍያ እንደ ዳቦ ገመጠች።
«የኔ አይደለች!» አለ ሾፌሩ።

እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ልጆቼ አበዱ! ታዲያ ሥዕል ያስፈልገው ነበርና፣ የግቢያችንን አጥር ሊቀባ የመጣውን ያን ዝምተኛ ጎጃሜ «ፍየል መሣል ትችላለህ?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ምን ዓይነት ፍየል?» አለ። «ቀልቃላ» አልሁት። ፈገግ ሲል አንገቱ ስር የተቀደደ የሸሚዙ ኮሌታ ነው የታየኝ፤ ከዚያ ዓይኑ፤ ከዚያ በኋላ ያየሁትን አላስታውስም።

መጽሐፉ አለቀ ስንል አላለቀም። የመጨረሻው ገጽ አስቸገረን። እኔ የጻፍሁት አንዲት ልጅ ወጥታ «የኔ ናት!» ስትል ነበር። ክፍል ውስጥ ሳነበው ምን ሆነ መሰላችሁ? «ይቺ ፍየል የማን ናት?» ስል ሃያ ስምንቱም «የኔ ናት! የኔ ናት!» ብለው ተነሡ፤ መጽሐፉን ወዲህና ወዲያ ጎተቱት፤ ፍየሏ አራት ቦታ ተቀደደች። አንዱ ጭራዋን ይዞ እያለቀሰ ቤቱ ሄደ። ለአለልኝ ስነግረው ሳቀና «ወረቀት አይሆናቸውም፤ ሌላ ነገር ልሞክር» አለ። እኔ «አዲሱን ስትሠራ የመጨረሻውን ገጽ ባዶ ተወው፤ 'የኔ ናት' የሚለው ቃል ያጣላል፣ ሌላ እፈልጋለሁ» አልሁት። «እኔም ልፈልግ?» አለኝ። «ፈልግ» አልሁት፤ ረሳሁት።

አሁን ወደ ሐሙሱ።

አለልኝ ሐሙስ ሐሙስ ኮኪት ይሄዳል። ሥራ አለኝ ነው የሚለው። ምን ሥራ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ለምን ቢሉ፣ የምጠይቅ ሴት መስዬ መታየት አልፈልግም። ያን ቀን የሥዕል ገጾቹን ልወስድ ከሞግዚታችን ከኩብራ ጋር ወደ ሥራ ክፍሉ ሄድሁ፤ ከበሽር ሱቅ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፣ ቁልፏ ከበሽር ዘንድ ነው። ገባን። የቀለም ሽታና ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ካርቶን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ሙሉ ጽሑፍ ነው። አንዴ በወፍራም፣ አንዴ በቀጭን፣ አንዴ በአበባ ያጌጠ፤ የሚለው ግን አንድ ነገር ነው።

የኔ ትሁን። የኔ ትሁን። የኔ ትሁን። የኔ ትሁን።

ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተሥለዋል። ፊት የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ዓይን ብቻ። ዓይኖቹ ደግሞ የኔ አይደሉም።

«ትሁን ማን ናት?» አለች ኩብራ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ቆይ ቆይ! ኮኪት አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ 'ትሁን ልብስ ስፌት' የሚል ማስታወቂያ አላት። ወላሂ ማስታወቂያውን የሣለላት እሱ ነው፤ እጁን አውቀዋለሁ።»

ልብስ ሰፊ! ያ የተቀደደ ኮሌታው ከሁለት ሳምንት ወዲህ ተሰፍቶ ነበር፤ ክሩ እንኳ የማይታይ ስፌት። «ማን ሰፋልህ?» ስለው «እህቴ» ብሎኛል። ጎጃም ያለች የሥጋ እህቱ መስላኝ አለፍሁት። አሁን ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ ሐሙሱ፣ ኮሌታው፣ ዓይኖቹ። ካርቶኑን ወደ ቦታው መለስሁት። ኩብራ «አንቺ ልጅ፣ ጠይቂው እንጂ» አለችኝ። መጠየቅ? እኔ? የወንድዬ ልጅ ከልብስ ሰፊ ጋር ለመፎካከር ትጠይቅ? ቆሽቴ አርሮ ነው ቤቴ የገባሁት።

እዚያው ቁጭ ብዬ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ስልክ አለው፤ ግን ድምፄ እንዲሰበርለት አልፈለግሁም። እንዲህ ነው ያልሁት፦

«ለአለልኝ። ገጾቹን ልወስድ መጥቼ ከካርቶኑ ጀርባ የጻፍኸውን አነበብሁ። ደጋግመህ ስለ ጻፍኸው ገብቶኛል። መልሴ ሁለት ቃል ነው። ያንተ ትሁን። ማህደር።»

ሳጥፈው እንዴት እንደ ኮራሁ ባያችሁ! ስሟን በስሟ መለስሁለት። ያቻት ትሁንህ፤ ደግሞም ያንተው ትሁን፣ ውሰዳት። ሰምና ወርቅ! በንዴት መሀል እንዲህ ያለ ቅኔ የሚመጣላት ሴት ስንት ናት? እያልሁ። የራሴን ቅኔ እያደነቅሁ የሰውን ቅኔ ሳላይ ያለፍሁ እኔ ነኝ፤ ወደፊት ትደርሱበታላችሁ።

አርብ ጠዋት ደብዳቤውን በኩብራ ላክሁት። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ግራ የተጋባ ነበር።

«ሰጠሽው?»

«ሰጠሁት።»

«አነበበው?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ታዲያስ? ደነገጠ?»

ኩብራ ሻሿን አስተካከለች። «ማህደር፣ እንዳትቆጪ። ደስ አለው።»

«ምን?»

«ወላሂ ደስ አለው! ብሩሹን ወርውሮ ዘለለ። እኔን ሊስመኝ ምንም አልቀረው። 'እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? እኔ ነኝ ስፈራ የከረምሁት' አለ።»

ቁጭ አልሁ። የትንንሾቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ድረስ መጥቶ። ደስ አለው! ሁለት ዓመት ስንተያይ፣ በአጥር ቀዳዳ ስንሳሳቅ፣ ሲፈራ የከረመው እንዴት አድርጌ ልገላገላት እያለ ነው! ልጆቼ መጥተው «እትዬ፣ ፍየሏን አንብቢልን» አሉኝ። አላነበብሁላቸውም። ማታ አባቴ ዘንድ ገብቼ «አባባ፣ እሁድ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ እሺ ነው መልሴ» አልኋቸው። አባባ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉ። «እርግጠኛ ነኝ» አልሁ። ዋሸሁ፤ እሳቸውም ያወቁብኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ ኮኪት ሄድሁ።

አዎ፣ አውቃለሁ! «መልስ ሰጥተሽ ለምን ሄድሽ?» ትሉኛላችሁ። ማንን እንደ መረጠብኝ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው። አንድ ቀሚስ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ገባሁ። ሰኔ ነውና መንገዱ የሚያጣብቅ ዋልካ ጭቃ ነው፤ ትራክተሩ፣ አይሱዙው፣ ከደጋ የወረደው ሳሉግ በየመንገዱ ዳር። ብርድ ልብሱን በትከሻው አጥፎ የሚሄድ ወጣት ባየሁ ቁጥር አንገቴን አዙሬ በመስኮት እከተለው ነበር። አለልኝም እንዲህ ነው የመጣው እያልሁ።

«ትሁን ልብስ ስፌት» ከሩቅ ነው የሚታየው። እጁ ነው፤ ኩብራ አልተሳሳተችም። ሴትዮዋ ሠላሳ ቢሆናት ነው፤ ጠይም፣ ሲንገር ላይ ጎንበስ ያለች፣ ቅላጼዋ ጎጃም። ክፉ ፊት ይኖራታል ብዬ ነበር፤ የላትም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«ወገቡ ይጥበብልኝ» አልሁ ቀሚሱን ዘርግቼ።

«እሺ እታለም፣ ነይ ልለካሽ። ስምሽ ማን ልበል?»

«ሠላማዊት» አልሁ። ኧረ በስማም! ከየት እንደ መጣልኝ አላውቅም።

ስትለካኝ እግሬ ስር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ወደ ታች ሳይ ሁለት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ማዳበሪያ ላይ ተቀምጣ ነጭ ጨርቅ ታኝካለች። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ! ካርቶኑ ጀርባ ያየኋቸው እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ናቸው። ጨርቁን ከአፏ ስታወጣው ደግሞ ምን ብቅ አለ? ፍየል! የኔ ፍየል፣ የሾፌሩን ኮፍያ በአፏ ይዛ። ገጽ በገጽ የተሰፋ የጨርቅ መጽሐፍ ነው።

«ይሄ... ምንድን ነው?» አልሁ።

«የልጄ መጽሐፍ ነዋ! አለልኝ የሚባል ያገሬ ልጅ ነው የሠራላት። ስታኝከው ነው የምትውለው» አለች ትሁን እየሳቀች።

ልጅቷ መጽሐፉን ዘረጋችልኝና በዚያ በሚንተባተብ አፏ «ማን ናት?» አለችኝ።

የኔን ግጥም! እኔ የጻፍሁትን፣ ለኔ ልጆች የጻፍሁትን፣ ወስዶ ለሌላ ሴት ልጅ! በሌላ ሴት ለውጦኝ ቢሆን እችለው ነበር፤ ይሄን ግን አልቻልሁትም። «የኔ ናት» አልሁ ጥርሴን ነክሼ፤ መጽሐፉን ያዝሁ። ልጅቷም ዋዛ አይደለችም፣ «የኔ!» ብላ ጎተተች። ጎተትሁ። ጎተተች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ እሷ ሁለት። እግዜር ይይልኝ፣ በሙሉ ኃይሌ ነው የጎተትሁት። ጨርቁ ወይ ፍንክች።

«እታለም? ምን ሆንሽ?» አለች ትሁን።

ለቀቅሁት። ቀሚሴንም እዚያው ጥዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ገንዳ ውሃ እስክደርስ አለቀስሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዘመድ የሞተብኝ መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» አለኝ።

እሁድ ደረሰ። አራት ሽማግሌዎች ከቀትር በፊት መጡ። እኔ ከጓዳ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። የሚናገሩት የናሁሰናይ አጎት ናቸው፤ ድምፃቸው ሜዳ ላይ እንደሚናገር ሰው ነው።

«እንግዲህ አቶ ወንድዬ፣ የልጅቷን ቃል ሰምተናል። ከዛሬ ጀምሮ ማህደር የኛ ናት። የኛ ናት!»

የኛ ናት። አራት ቦታ የተቀደደችው ፍየል ትዝ አለችኝ፤ ጭራዋን ይዞ ያለቀሰው ልጅ ጭምር። አባባ «እሺ» ከማለታቸው በፊት ግን የውጭው በር ተንኳኳ።

የገቡት አያ እንግዳው ናቸው፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ። በዚያ ሙቀት ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ከኋላቸው አለልኝ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ኮሌታው የተሰፋውን ሸሚዝ ለብሶ። ከሱ ኋላ ደግሞ ትሁን፣ ልጇን አዝላ! ጭራሽ ይዟት መጣ! እቤቴ! አባቴ ፊት! መጋረጃውን በእጄ ጨብጬ ጨርቁ ሊቀደድ ነበር።

አያ እንግዳው ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ጌታው፣ እኔ ድሃ ነኝ፤ ግን ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁ። ይሄ ልጅ ዘመድ የለውም፤ ያለችው ይቺ እህቱ ብቻ ናት። ልጅዎን ሊጠይቅ ነው። ልጅቷም ፈቅዳለች።»

ከአራቱ አንዱ በዝግታ «ሳሉጉ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ፈቅዳለች ያለው ማነው?» አሉ አባባ።

አለልኝ ከኪሱ ደብዳቤዬን አወጣ። ታጥፎ ታጥፎ ዳሩ ተሸርፏል። በሁለት እጁ ሰጣቸው። «በእጇ የጻፈችው ነው፣ ጋሼ።»

አባባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «'ያንተ ትሁን። ማህደር።'» ቀና አሉ። «ማህደር! ነይ ውጪ!»

ወጣሁ። አለልኝ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ልቤን አደረቀው። እንዲህ ያለ ደስታ ይዞ ሰው ይዋሻል?

«ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የኔ ነው፣ አባባ። ግን ትሁን ያልሁት እኔን አይደለም! እሷን ነው!» ብዬ ጣቴን ወደ ትሁን ቀሰርሁ። «ትሁንን! የሱ ትሁንን!»

ትሁን አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ ፈጠጠ። «እንዴ! ሠላማዊት! ቀሚስሽን ጥለሽብኝ እኮ ነው የሄድሽ!» አለችና ፌስታሉን ከብብቷ አወጣች። «ገንዳ ውሃ ካገኘኋት ብዬ ይዤው መጣሁ እኮ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! አባባ እኔን ያያሉ፣ ፌስታሉን ያያሉ። አለልኝ ግን ቀስ በቀስ ፊቱ ጠቆረ። ገብቶታል። «አንቺ... ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ነው ያልሽው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ማህደር፣ ስም አይደለም እኮ! ልጆቹን የማያጣላ ቃል ፈልግ አላልሽኝም?»

በብብቱ ይዞት የመጣውን አዲስ ነጭ የጨርቅ መጽሐፍ ለአባባ ዘረጋ። አባባ ተቀበሉት፤ ዳር ዳሩን ዳሰሱት፣ ገለበጡት፣ ክሩን በጥፍራቸው ሞከሩት። ከዚያ በዚያ ውል በሚያነቡበት ድምፃቸው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። «ሜ፣ ሜ፣ መጣች ፍየሊት...» አራቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። አባባ ሱቁንም፣ ትራክተሩንም አልዘለሉም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሱ። አንዲት ሕጻን በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኖቿ የትሁን ልጅ ዓይኖች ናቸው።

ቀንዷ ሁለት፣ እግሯ አራት፣
ይቺ ፍየል የማን ናት?
በር ላይ ቆሞ ያለ ሕጻን፣
«ከወደደች፣ የኔ ትሁን!»

የኔ ናት ሳይሆን፣ የኔ ትሁን። ደግሞ «ከወደደች»። እኔ አስተማሪዋ፣ ፊደል የማስቆጥር ሴት፣ አንድ ግሥ አይቼ ሴት አድርጌው ቀናሁበት!

አባባ ግን ገና አልጨረሱም። ብረታቸውን ነው የሰኩት። «አንቺስ የማን ነሽ?» አሉ ወደ ትሁን ዞረው።

«የባሌ ነኝ፣ አባቴ። ለአለልኝ እህትነቴ በአገር ልጅነት ነው እንጂ በሥጋ አይደለም። ሱዳን ከተሻገረ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። አለልኝና እሱ አብረው ነው ከአገር የወረዱ። አለልኝ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያየናል። እሱ ይሥላል፣ እኔ እሰፋለሁ፣ ልጄ ደግሞ ታኝካለች። እሷ አኝካ ያልበጠሰችውን ስፌት የማንም ልጅ አይበጥሰውም ይላል።»

«አንተስ? የማን ልጅ ነህ?»

«የአገኘሁ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ፣ ከጎጃም። ሁለት ክረምት በርስዎ እርሻ ሰሊጥ አርሜያለሁ።»

«አረም መስሎህ ሰሊጥ ነቅለህ ታውቃለህ?»

ይሄ የአባባ ጥያቄ ነው፤ ለሁሉም ሳሉግ ይጠይቁታል፤ ሁሉም «በፍጹም!» ነው የሚላቸው። አለልኝ አንገቱን ደፋ።

«ነቅያለሁ። የመጀመሪያው ክረምት ብዙ ነቅያለሁ፤ አላውቅም ነበር። ግን ደብቄ አላውቅም። የነቀልሁትን ከእርሻው ዳር እደረድረው ነበር፣ አለቃችን ካቦው መጥቶ እንዲያየው።»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከዳር የሚደረድረው ልጅ... አንተ ነህ?» አሉ። «ካቦው 'አንድ ጅል አለ፣ ጥፋቱን አሰልፎ ያሳያል' ብሎ ሲስቅ ሰምቼ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።»

ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። የመጨረሻውን ገጽ ታች በጣታቸው ነኩ። ፍየሏ ወደ ሕጻኗ ዞራለች፤ ከአፏ ፊት ለፊት ክብ ተሥሏል፤ ክቡ ውስጥ ምንም የለም። «ፍየሏ ምን አለች? እዚህ ባዶ ነው።»

«እሱን እኔ አልጽፈውም ብዬ ነው፣ ጋሼ» አለ አለልኝ። «የሷ ነው።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አራት ሽማግሌ፣ አያ እንግዳው፣ ትሁን፣ አባቴ። እሱ ብቻ አላየኝም፤ መሬት መሬት ያያል፤ ሦስት ቀን የተደሰተው ሰው አሁን እንደሚያለቅስ ልጅ ከንፈሩን ነክሷል። ትናንት የኔን እሺ ሰምተው የመጡ ትልልቅ ሰዎች ፊት አባቴን ላዋርድ? ዝም ብል ግን ያ ክብ ዕድሜ ልኬን ባዶ ይቀራል። አፌን ከፈትሁ፤ ቃል ሁሉ ጠፋኝ፤ ከአንድ በቀር።

«ሜ» አልሁ።

«ምን?» አሉ አባባ።

«ሜ!» ብዬ ጮህሁ። «ሜ! አባባ፣ ሜ!»

የትሁን ልጅ ከእናቷ ጀርባ ሆና ተንከተከተች። «ሜ! ሜ! የኔ!» አለች። የናሁሰናይ አጎት ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሦስቱም ተከተሏቸው። አባባ እስከ በሩ ሸኝተው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠይቀው ተመለሱ። ከዚያ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎተቱት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ነው። ክሩ አልተነቃነቀም።

«አይቀደድም» አሉ ለራሳቸው።

«አይቀደድም፣ ጋሼ» አለ አለልኝ።

«ማን ጠየቀህ?»

አባባ ደብዳቤዬን ከጠረጴዛው አንሥተው አንድ ጊዜ ደግመው አነበቡት፤ አጥፈው ለአለልኝ መለሱለት። እጃቸውን ግን ከእጁ ላይ ወዲያው አላነሡም።

«ያንተ ትሁን» አሉት።

ወረቀቱን ማለታቸው ቢሆን ኖሮ «ይሁን» ባሉ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠረጠር ነገር ፈልጌ አጣሁ።